ዓረር ሸሚዝ ሲለብስ

ዓረር በግዕዝ የማዕድን ስም ነው፤ ዛሬ በአማርኛ እርሳስ የምንለው ከባድ፣ ግራጫ፣ እሳት ቶሎ የሚያሸንፈው ብረት። በኦሪት ዘፀአት የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ውስጥ ሲሰጥም የተመሰለው በዓረር ነው። ቃሉ ባሩድ ከመታወቁ ብዙ ዘመን በፊት ነበረ ማለት ነው። ጠመንጃ ሲመጣ ከአፈሙዙ የሚወጣው ነገር የተሠራው ከዚሁ ማዕድን ስለነበር ስሙ ሳይለወጥ ወደ ተወርዋሪው ተሻገረ።

ጆሮ ዓረርን “አረረ” ከሚለው ግሥ ጋር ማዛመድ ይወዳል፤ የሚያቃጥል፣ የሚያሳርር ነገር ነውና። ሥራቸው ግን ሌላ ሌላ ነው። የአማርኛው “አረረ” የግዕዙ “ሐረረ” ነው፤ በሐመሩ ሐ የሚጻፍ። ዓረር ደግሞ በዐይኑ ዐ ነው። አማርኛ የሁለቱን ፊደላት የጉሮሮ ድምፅ ስለተወ ቃላቱ አፍ ላይ ተገናኙ፤ ጽሕፈቱ ግን ልዩነታቸውን ጠብቆ አቆይቶልናል። ፊደላቱን ስናቀላቅል የምናጣው አንዱ ነገር ይኸው ነው።

እርሳስ የመጣው ከዐረብኛው “ረሳስ” ነው። ዐረብኛም በዚሁ ቃል ማዕድኑንም ጥይትንም ይጠራል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት ሆኖ ሳለ ስሙን ከብረቱ መውሰዱ፣ ዓረቦቹ “የእርሳስ ብዕር” ከሚሉት ጋር የሄደ የቆየ ስሕተት ነው። ስለዚህ አማርኛ ለአንዱ ማዕድን ሁለት ስም ይዞ፣ አንዱን ለጦር አንዱን ለትምህርት ቤት ሰጠ።

የጦር መሣሪያ ቃላታችን አብዛኞቹ እንዲህ መንገደኞች ናቸው። ነፍጥ ከዐረብኛው “ነፍጥ” ነው፤ መጀመሪያ የሚነድ ዘይት፣ በኋላ ባሩድና ተኳሽ መሣሪያ። ባሩድም ከዚያው ሰፈር ነው። ጠመንጃ የቱርኩ “ታባንጃ” ነው፤ በዚያ ሽጉጥ ማለት ነው። በቆዩ ጽሑፎች “ጠበንጃ” ተብሎ ይገኛል፤ “በ” ወደ “መ” የተለወጠው ከ“ን” ጎን ስለቆመ ነው። “ጠብ-መንጃ” ብለው ከፍለው የሚጽፉት፣ ጠብ የሚነዳ መሣሪያ እንዲመስል አድርገው፣ ቃሉን አማርኛ ያለበሱት ናቸው። ውጅግራ ደግሞ “ፉዚ ግራ” ነው፤ ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኮንን በ1874 ያወጣው ጠመንጃ። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፉ ወደ ው፣ ዚ ወደ ጅ ሲሄድ ቃሉን ጮክ ብሎ ያለ ሰው መንገዱን ይሰማዋል።

ስለ ውጅግራ ስናወራ የምንረሳው፣ የሚተኩሰው ነገር በቃሉ ሙሉ ትርጉም ዓረር እንደነበር ነው። ሃያ አምስት ግራም የሚመዝን፣ ወረቀት የተጠቀለለበት እርሳስ። ዐድዋ ላይ ዓረር ያለ ሰው ማዕድኑንም ተወርዋሪውንም በአንድ ቃል ጠራ፣ አልተሳሳተምም። በእኛ አነጋገር ጥይት ማለት ሙሉው ነው፤ ቀለሃው፣ ባሩዱና ከጫፉ የተሰካው ዓረር። ሲተኮስ ቀለሃው እግር ሥር ይወድቃል፣ ዓረሩ ይሄዳል። ይህን ልዩነት እንግሊዝኛም በሁለት ቃል ይይዘዋል፤ ለሙሉው ካርትሪጅ፣ ለተወርዋሪው ቡሌት። ቡሌት ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትንሽ ኳስ ማለት ነው፤ የድሮው ዓረር ድቡልቡል ነበርና። ካርትሪጅ ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ከጣሊያንኛው “ካርቶቾ” ይመጣል፤ የወረቀት ጥቅል ማለት ነው። ይህን ወረቀት ያዙልኝ፤ ኋላ ሕንድ ውስጥ እንገናኘዋለን።

አዳኞች እርሳስን የወደዱት በክብደቱ ብቻ አይደለም። እርሳስ ልዝብ ነው። የእንስሳ ሥጋ ሲያገኝ ጫፉ ይደፈጠጣል፣ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከገባበት ስፋት ይበልጥ ይሰፋል። ሲሰፋ ይዘገያል፤ ሲዘገይ የያዘውን ጉልበት በሙሉ እዚያው ይተዋል። እንስሳው ቶሎ ይወድቃል። የማይሰፋ ዓረር ግን በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ ጉልበቱን ከእንስሳው ወዲያ ላለው ዛፍ ይሰጣል። የቆሰለው ድኩላ ጫካ ገብቶ፣ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ለቀናት ሲሠቃይ ይሞታል። በአደን ቋንቋ ውስጥ ስለ ጥይት ጫፍ የተፈጠረ ቃል ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የወጣ ነው። ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ነፍስ ለማጥፋት የተነሣ ሰው ቢያንስ ፈጥኖ የማጥፋት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 በአትባራና በሰቲት ዳር ሲያድን ከርሟል። ሰቲት የእኛው ተከዜ ነው፤ ወደ ሱዳን ሲወርድ የሚይዘው ስም። በዚያ ዝሆንን በፈረስና በጎራዴ ከሚጥሉ የሐምራን ዐረቦች ጋር ውሎ፣ በ1867 ባሳተመው የዐባይ ገባሮች መጽሐፉ ስለ እነርሱ በአድናቆት ጽፏል። ቤከር በዕድሜው ማምሻ በ1890 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ የዓረርን ነገር እንደ ሃይማኖት ይከራከርበታል። ንጹሕ ልዝብ እርሳስ ይሁን፤ ውስጡ ክፍት አይሁን፤ እንስሳው ውስጥ እንደ እንጉዳይ ይገለጥና በወዲያኛው ጎን ከቆዳው ሥር ይቅር ይላል። እንጉዳይ የሚለው የአዳኞች ቃል እስከ ዛሬ አልተተካም፤ ጥሩ የሰፋ ዓረር ቀጭን ግንድና ሰፊ ባርኔጣ ያለው እንጉዳይ ነው።

ቤከር የተቃወመው “ውስጡ ክፍት” የሚባለው የዘመኑ ፋሽን ነበር። ጄምስ ፐርዲ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ በ1856 ጠመንጃውን በፈጣን ባቡር ስም ሰየመው፤ ኤክስፕረስ የሚለው ቃል በአደን ውስጥ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ ቀረ። የእነዚህ ጠመንጃዎች ዓረር ቀለል ብሎ እንዲፈጥን አፍንጫው ላይ ጉድጓድ ነበረው፤ ጉድጓዱ ዓረሩን ቶሎ ይከፍተዋል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይከፍተዋል። የእንግሊዙ የናፒየር ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ይዞት የወጣው ስናድር ጠመንጃም አፍንጫው ውስጡ ክፍት የሆነ ዓረር ይተኩስ ነበር፤ እዚያ ግን ምክንያቱ የዓረሩን ሚዛን ማስተካከል ነው።

ከዚያ ጭስ የማያወጣው ባሩድ መጣ። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ሠራው፤ በ1886 ለቤል የተባለው ጠመንጃ ተሸከመው። ዓረሩ ከቀድሞው እጅግ ስለፈጠነ ራቁት እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ላይ መላላጥና መለጠፍ ጀመረ። መፍትሔውን ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ሩቢን በ1882 ቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ ዓረሩን በስሱ መዳብ መሸፈን። እዚህ ላይ ቋንቋዎቹ ልብስ መምረጥ ያዙ። ፈረንሳይኛ ዓረሩን ሸሚዝ አለበሰው፤ “ባል ሸሚዜ” ይለዋል፣ ጣሊያንኛም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ጃኬት ሰጠው። ጀርመንኛ “ማንቴል” ብሎ ካፖርት ደረበለት፤ ሙሉ የተሸፈነውን ባለ ሙሉ ካፖርት፣ ጫፉ የተገለጠውን ባለ ከፊል ካፖርት ይለዋል። ሸሚዝ፣ ጃኬት፣ ካፖርት፤ ሦስቱንም የአማርኛ አንባቢ ከልብስ ሱቅ ያውቃቸዋል። ለዓረር ግን አንዱንም አልወሰድንም፤ ሽፋን ብለን አለፍን። ከሁሉም የጀርመኖቹን እወዳለሁ፤ ከፊል ካፖርት ያለ ሰው ዓረሩ የቱ ጋ ራቁቱን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚሁ ዘመን የወጣ ሌላ ቃል በመንገዴ ላይ ላንሣ። እንግሊዝኛ የጥይት ማጎሪያውን ማጋዚን ይለዋል፤ ምንጩ ዕቃ ማስቀመጫ የሚል የዐረብኛ ቃል ነው፣ የእኛ መጋዘን ወንድም። አማርኛ ያንኑ ዕቃ ካዝና ይለዋል። ካዝናም ከዚያው ሥር ነው፤ ኸ-ዘ-ነ፣ አከማቸ። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ፣ በሁለት የተለያየ መንገድ፣ ለአንድ ዕቃ ከአንድ ሥር ስም አወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

የለበሰው ዓረር አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ አይሰፋም። እንግሊዞች ቀድሞ በማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ 31 ግራም ራቁት እርሳስ ይተኩሱ ነበር። አዲሱ ሊ ሜትፎርድ የሚተኩሰው ከዚያ ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ በመዳብና በኒኬል የተሸፈነ ቀጭን ዓረር ነው። በ1895 ቺትራል በተባለው የሕንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ሲዋጉ ወታደሮቹ የተመታ ሰው አይወድቅም ብለው አማረሩ። ከካልካታ ሰሜን ምሥራቅ ባለችው በዱምዱም የጥይት ፋብሪካ ካፒቴን ኔቪል በርቲ ክሌይ አዳኞች የሚያውቁትን ዘዴ ወደ ጦር ሜዳ አመጣ፤ ከጫፉ ላይ ሸሚዙን ጥቂት ገለጠና እርሳሱን አሳየ። ፋብሪካው የሚገኝበት ከተማ ስም የዓረሩ ስም ሆነ።

“ደምደማ” በፋርስና በሕንድ ቋንቋዎች ጉብታ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የአፈር ክምር፣ መድፍ የሚጠመድበት ምሽግ ማለት ነው። የዱምዱም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ የቤንጋል መድፈኛ ጦርም እስከ 1853 ዋና ሰፈሩ እዚያ ነበር። ብዙ ሰው ዱምዱምን የድምፅ ስም ይመስለዋል፣ ዱም ዱም ሲል የሚሰማ። አይደለም። አፈር ነው።

ጥይት በዚህች ቦታ ላይ ያመጣው ጣጣ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በጥር 1857 በዱምዱም የሚሠለጥኑ የሕንድ ወታደሮች የአዲሱ የኤንፊልድ ጥይት ወረቀት በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል የሚል ወሬ ሰሙ። ያቆየነው ወረቀት ይኸውና። ካርትሪጅ ያኔ እንደ ስሙ የወረቀት ጥቅል ስለነበር ወታደሩ በጥርሱ ቀድዶ መክፈት ነበረበት፤ ሂንዱው የላሙን፣ እስላሙ የአሳማውን ሞራ አፉ ሊያደርግ ነው። ወሬው ከዱምዱም ወጥቶ ጦሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ያ ዓመት ታላቁ የሕንድ ዐመፅ የፈነዳበት ዓመት ነው።

እንግሊዞች በዎልዊች ፋብሪካቸው ጫፉ ጉድጓድ ያለው ሌላ ዓረር አወጡ፤ በመስከረም 1898 ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ የማህዲስቶችን ጦር የመቱት በዚህ ነው። አውሮፓ ያንጊዜ ጮኸ። ጩኸቱ ውስጥ ግን አንድ መደናገር ነበር። የቱቢንገኑ ቀዶ ሐኪም ፓውል ፎን ብሩንስ ሙከራ አድርጎ አሰቃቂ ቁስል አሳየ፤ የሞከረው ግን የዱምዱሙን ዓረር ሳይሆን ጫፉ ከዚያ አብልጦ የተገለጠውን የጀርመን የአደን ዓረር ነበር። እንግሊዞች ይህን ይዘው ተከራከሩ፤ አልተሳካላቸውም። በሐምሌ 1899 በሄግ የወጣው መግለጫ በሰው አካል ውስጥ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚደፈጠጥ ዓረር በጦርነት እንዳይሠራበት ከለከለ። በጽሑፉ ውስጥ ዱምዱም የሚል ቃል የለም። ፈረንሳይኛው ጠንካራ “አንቨሎፕ” ይላል፤ ሸሚዙ በሕግ ፊት ሲቀርብ ፖስታ ሆነ። እንግሊዝ የተቀበለችው በ1907 ነው።

ብዙ ሰው ዱምዱምን “የሚፈነዳ ጥይት” ይለዋል። ይህን ማረም ያስፈልጋል። ውስጡ ፈንጂ ያለበትን ትንሽ ተወርዋሪ የከለከለው ሌላ ስምምነት ነው፤ የ1868ቱ የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ። ዱምዱም አይፈነዳም፣ ይሰፋል። ሁለቱን ማምታታት ለጋዜጠኛ ትንሽ ስሕተት ይመስላል፤ ይህ ቃል ግን በእኛ ታሪክ ውስጥ ለክፉ ሥራ ውሏል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሲወረን ሮም ኢትዮጵያውያን በዱምዱም ይዋጋሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ክስ አቀረበች፤ ለመርዝ ጋዝ ማመካኛም አደረገችው። ልብ በሉ፣ የጋዙ ስም ኢፕሪት ነው። እሱም የቦታ ስም ነው፤ ጀርመኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በ1917 የለቀቁባት የቤልጅየም ከተማ ኢፕር ናት። የቤንጋል ጉብታና የፍላንደርስ ከተማ፣ ሁለቱም ሰው የሚኖርባቸው፣ ሁለቱም የመሣሪያ ስም የሆኑ፣ በአንድ ጦርነት አገራችን ላይ ተገናኙ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳር የራስ እምሩ ሰዎች ላይ ከአውሮፕላን የወረደው ይህ መርዝ ነበር። ቤከር ያደነበት ወንዝ፣ ሰቲት፣ የተከዜ የታችኛው ክፍል ነው ብያለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ጄኔቫ ቆመው የተናገሩት ስለዚሁ ጋዝ ነው። አንድ ዓረር ሸሚዙ ተገለጠ አልተገለጠ የሚል ክስ፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከወንዝና ከእህል ላይ ከሚረጭ መርዝ ጋር አይመዛዘንም፤ የክሱ ጉልበት የነበረው በቃሉ አስፈሪነት ብቻ ነው።

አዳኞች ከ1899 በኋላ ቃሉን ሸሹት። ዘዴው የእነርሱ ነበር፣ አልተዉትም፤ ስሙን ግን ለውጠው ልዝብ ጫፍ አሉት። በጦር ሜዳ የተከለከለው በአደን የሚታዘዝ ሆነ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘን መሰል እንስሳትን ሙሉ በለበሰ ጥይት ማደን በሕግ ክልክል ነው። የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። የጦር ሕግ የቆሰለው ሰው እንዲድን ይፈልጋል፣ የአደን ሕግ የቆሰለ እንስሳ እንዳይኖር ይፈልጋል።

በዚህ መሐል ከሁሉ ይልቅ የተገለበጠው ቃል “ሶሊድ” ነው። ለቤከር ሶሊድ ማለት ውስጡ ያልተቦረቦረ፣ ድፍን እርሳስ፣ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋ ነው። ከአንድ ትውልድ በኋላ ዋልተር ቤል፣ በኡጋንዳዋ ካራሞጃ ስም ካራሞጆ የተባለው፣ ጋምቤላ ውስጥ እስከ ጊሎ ወንዝ ድረስ ዝሆን ሲያድን ሶሊድ የሚለው ሙሉ በሙሉ የለበሰውን፣ ፈጽሞ የማይሰፋውን ነው። ዝሆን አጥንቱ ወፍራም ነው፤ ዓረሩ ሳይደፈጠጥ ወደ አንጎል መድረስ አለበት፤ ቤል በቀጭን ሰባት ሚሊሜትር ዓረር ያን ያደርግ ነበር። ስለዚህ የድሮ የአደን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ሶሊድ የሚል ባገኘ ቁጥር ዓመተ ምሕረቱን ማየት አለበት፤ አለዚያ ነገሩ ተገልብጦ ይወጣል።

ልዝብ ጫፍም የራሱን ጣጣ አመጣ። በቅርብ ርቀት፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመታ ከመስፋት አልፎ ይበታተናል። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የሰሜን አውሬ ሲያድን ዓረሩ ትከሻው ላይ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ አልዘልቅ አለው። በ1948 ለገበያ ያቀረበው መልስ ፓርቲሽን ይባላል፤ ክፍልን ከክፍል የሚለይ ግድግዳ ማለት ነው። ለዓረሩ ሸሚዝ ወገቡ ላይ የመዳብ ግድግዳ አበጀለት፤ የፊቱ እርሳስ እንደ ድሮው ይሰፋል፣ የኋላው ግድግዳው ጠብቆት ሙሉ ሆኖ ይገፋል። በዚህ ዕቃ ውስጥ ቤከርና ቤል፣ ሁለቱ ሶሊዶች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሙሉ የለበሰ የወታደር ጥይት ጫፉን በሞረድ ፍቆ የአደን ማድረግ ድሮ የተለመደ ነበር። መጥፎ ልማድ ነው። የወታደሩ ዓረር ሸሚዝ ብዙውን ጊዜ ከታች ክፍት ነው፤ ከላይም ከተከፈተ ቱቦ ሆነ ማለት ነው። ሲተኮስ እርሳሱ ብቻውን ወጥቶ ሸሚዙ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ተኩስ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ያልፈነዳ እንደሆነም የተፈቀፈቀ ጫፍ ሚዛኑ ስለተዛባ የት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ የሚያቆስለው ያንኑ ሊያድኑት የሞከሩትን እንስሳ ነው።

ለዚህ ሁሉ አማርኛ ምን ይበል? ሶፍት ፖይንት የሚለውን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን በቤታችን ያለ ቃል እያለ የሰው በር ማንኳኳት አይገባም። ሙሉ የተሸፈነውን ባለ ሙሉ ሸሚዝ፣ ጫፉ የተገለጠውን ጫፈ ዓረር ብንለው ሁለቱም ይገባሉ። ጫፈ ዓረር ሲባል ማዕድኑም ቦታውም ይታያል፤ የግዕዙ ቃል ከኦሪት ወደ አደን ሜዳ ሲመጣ ምንም አልተለወጠም። ዱምዱምን ደግሞ ለታሪክ ጽሑፍ ብቻ እናስቀምጠው፤ ከ1890ዎቹ ሕንድና ከ1928 ዓ.ም. ክስ ውጭ ሥራ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። እርሳስ መርዝ ነው። ሲሰፋ ፍርፋሪው ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ አዳኝ ጥሎት የሄደውን ሆድ ዕቃ የሚበላ ጥንብ አንሣም ይመረዛል። ኮንዶር የተባለው የካሊፎርኒያ ጥንብ አንሣ ሊጠፋ የተቃረበበት አንዱ ምክንያት ይህ ሆኖ ስለተገኘ፣ ያ ግዛት ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ጥይት ከአደን ሙሉ በሙሉ አወጣ። አሁን ብዙ አዳኝ የሚተኩሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ የሆነውን ነው፤ አፍንጫው ላይ ጉድጓድ አለው፣ ሲመታ አራት ወይም ስድስት ቅጠል ሆኖ ይከፈታል፣ ብዙም አይበታተንም። ይህን ዓረር ማለት አይቻልም። እኔ ክፍት ጫፍ መዳብ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ ዓረር የሚለውን ማዕድኑ ላለበት ብቻ አስቀራለሁ።